ሠራተኛ ልቡ የሚሸፍተው መቼ ነው?

(ሐዋሳ ላይ ለአልባሳት ፋብሪካ የምርት መስመር ተቆጣጣሪዎችና የሰው ሀብት ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት የቃላት እርማት በስተቀር እንደተነገረ የቀረበ)

የተከበራችሁ የምርት መስመር ተቆጣጣሪዎች፣ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያዎች፣ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች፣ እንዲሁም የጠዋቱን ፈረቃ ጨርሳችሁ ምሳ እንኳ ሳትበሉ በቀጥታ ወደዚህ አዳራሽ የመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ የተቀመጣችሁ ድምፄ ይደርሳችኋል? መልካም።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «የሠራተኛን የሥራ ተነሳሽነት ማሳደግ» ይላል። ርዕሱን የመረጡትን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ስለ ማሳደጉ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር አስታውሱልኝ። አዲስ የተቀጠረች ልጅ የመጀመሪያ ቀኗን አይታችኋል? ሥራ የሚጀመረው ጠዋት 1 ሰዓት ከሆነ እርሷ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ቆማለች። ጸጉሯን ተሠርታለች። መታወቂያዋንና የትምህርት ማስረጃዋን በፌስታል ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛለች። ማሽኑ ላይ ስትቀመጥ ጀርባዋ አይታጠፍም፤ ዓይኗ ከአሠልጣኟ እጅ ላይ አይነቀልም። እስቲ ንገሩኝ፣ ይህች ልጅ ተነሳሽነት ጎድሏታል? ተነሳሽነት የምንሰጣት እኛ ነን? ይዛው መጥታለች እኮ! ከእናቷ ቤት፣ ከገጠር ድረስ ይዛው መጥታለች። ታዲያ በሦስተኛው ወር የት ሄደ? ማን ወሰደው? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህ ጥያቄ ነው።

አማርኛችን «ልቡ ሸፈተ» የሚል አነጋገር አለው። እጁ ሥራ ላይ ሆኖ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለሄደ ሰው የምንናገረው ነው። ቃሉን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ድሮ ሰው የሚሸፍተው መቼ ነበር? ችግር ስላገኘው ብቻ አልነበረም። ችግር የማያገኘው ማን አለ? ብዙው ሰው የሚሸፍተው ተበድሎ፣ አቤት ብሎ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ሰሚ ሲያጣ ነበር። መጀመሪያ አቤቱታ አለ፤ ጫካው የሚመጣው በኋላ ነው። የሠራተኛም ልብ እንደዚያው ነው። ማንም ሰው በአንድ ቀን አይሸፍትም። አስቀድሞ አቤት ብሏል። እኛ አልሰማነውም እንጂ ብሏል።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በሙከራ ጊዜ ተቀጣሪነት ስገባ የ19 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ኮሌታ ገጥሜአለሁ። ከዚያ የመስመር ተቆጣጣሪ ሆንኩ፤ ማታ እየተማርኩ ወደ ሰው ሀብት አስተዳደር ተዛወርኩ። በማሽኑም በኩል፣ ከማሽኑ ጀርባ ሰዓት ይዞ በመቆምም በኩል፣ የስንብት ወረቀት ፈርሞ በመስጠትም በኩል ነበርኩ። ሦስት ነገር ልናገር እፈልጋለሁ፤ ስለ ደመወዝ፣ ስለ መልስ፣ ስለ ነገ። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

እንግዲህ አንደኛው፣ ደመወዝ።

ስለ ሠራተኛ ተነሳሽነት የሚሰጡ ብዙ ሥልጠናዎችን ተካፍያለሁ። ፈገግታ፣ አድናቆት፣ የቡድን ጨዋታ፣ የልደት ኬክ ይወሳሉ። ደመወዝ ላይ ሲደርሱ ግን ድምፅ ዝቅ ይላል። እኔ ድምፄን ዝቅ አላደርግም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል ተብሎ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እዚህ መጥተው ባወጡት ጥናት የጀማሪ ኦፕሬተር መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል መሆኑን፣ ይህም ልብስ ሰፍተው ለዓለም ገበያ ከሚያቀርቡ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጻፉ። ያን ጊዜ አራት ልጆች አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ሁለት ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተው፣ በፈረቃ ሲተኙ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የደመወዙ ቁጥር ተለውጧል፤ የጤፉና የቤት ኪራዩ ቁጥርም አብሮ ተለውጧል። በባዶ ሆዷ ለተቀመጠች ልጅ ስለ ተነሳሽነት መስበክ ነውር ነው። ነውር ነው እላለሁ።

ደግሞም ሰነፎች ስለሆኑ ነው የሚለቁት የምንል አለን። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከአምስት ድርጅቶች ጋር ሆነው ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ለዩ። አንዱን ወገን ድርጅቶቹ ቀጠሩት፤ ሌላው 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ምን ተገኘ? የተቀጠሩት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀቁ። ገቢያቸው ምንም ካልተሰጣቸው ሰዎች እምብዛም አልተሻለም፤ ጤናቸው ግን ተጎዳ። መነሻ ገንዘብ የተሰጣቸው ደግሞ ገቢያቸው በሲሶ ያህል ጨመረ። እንግዲህ ልጅቷ ስትለቅ ሰንፋ አይደለም፤ አስልታ ነው። ሒሳቧን ከእኛ ይልቅ እርሷ በደንብ ታውቀዋለች። የፎርድ መኪና ፋብሪካም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ይህን ተምሮ ነበር፤ 14 ሺህ ያህል የሥራ ቦታ ሞልቶ ለመዝለቅ በዓመት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሲቀጥር ቆየ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የቀን ክፍያውን ወደ 5 ዶላር ሲያሳድገው የሚለቀው ሰው ቁጥር አሽቆለቆለ። ሥራ አስኪያጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

የመስመር ተቆጣጣሪዎች ግን በልባችሁ «ደመወዝ የምንወስነው እኛ ነን እንዴ?» ትላላችሁ። አይደላችሁም። ነገር ግን ደመወዙ የሚከፈልበት ቀን፣ ስሌቱና ማብራሪያው ባለበት ቦታ ሁሉ የእናንተ ድምፅ ይገባል። አንድ ነገር ልንገራችሁ። የምሠራበት ፋብሪካ አንድ ወር ደመወዝ በአራት ቀን አዘገየ። አራት ቀን ምን አላት? ቢሮ ውስጥ ያለነው እንዲህ ነበር ያልነው። በአንደኛው መስመር ያሉ ልጆች ዕቁብ ነበራቸው። ዕቁብተኞቹ ሁሉ የዚያው ፋብሪካ ሠራተኞች ስለነበሩ በዚያ ሳምንት አንዳቸውም መጣል አልቻሉም። ዕጣው የወጣላት ልጅ ደግሞ እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ገንዘቡን እየጠበቀች ነበር። ዕቁቡ በዚያው ፈረሰ። ጓደኛሞች ተቀያየሙ፤ ሁለቱ መነጋገር አቆሙ። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ኮሌታ እየሰፉ የማይነጋገሩ ልጆች አስቡ! የዚያ መስመር ምርት ለምን እንደወረደ በስብሰባ ስንጠያየቅ ሰነበትን። አራት ቀን እንደዚያ ናት። በሁለተኛው ቀን እንኳ አንድ ኃላፊ ወርዶ «ባንኩ ዘግይቶብናል፣ ሐሙስ ይገባል» ቢላቸው ኖሮ ሐሙስን ቆጥረው ይጠብቁ ነበር።

ስሌቱም እንደዚያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያን በግልጽ አስቀምጦታል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፤ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፤ በሕዝብ በዓል በ2.5። ይህን በትልቁ ጽፋችሁ በየመስመሩ ለጥፋችሁታል? ልጅቷ የደመወዝ ወረቀቷን ይዛ መጥታ «ይቺ የተቆረጠችው ምንድን ናት?» ስትላችሁ «ሒሳብ ክፍል ጠይቂ» ብላችሁ አልሸኛችኋትም? ሒሳብ ክፍል በሩ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ እርሷ ከማሽኗ መነሳት የምትችለው ስንት ሰዓት እንደሆነ አናውቅም? እናውቃለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልለፍ። መልስ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ገደማ የማሽኔ ድምፅ ተለወጠብኝ። በምን ላስረዳችሁ? ከወትሮው ድምፅ ውስጥ በየአምስተኛው፣ በየስድስተኛው ስፌት አንዲት ቀጭን ቅጭልጭል ትሰማኛለች። ለተቆጣጣሪው ነገርኩት። «አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው? ዝም ብለሽ ስፊ» አለኝ። ዝም ብዬ ሰፋሁ። በማግሥቱም ነገርኩት፤ ፊቱን አዞረ። በዚያ ሳምንት እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሥራውን ቦታ ጠላሁ። ደመወዙ አልተለወጠም፣ ማሽኑ ያው ማሽን ነው፣ ልቤ ግን ወጣ። ለመልቀቅ አስቤ ለእናቴ ነግሬያታለሁ።

በፋብሪካው «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። በሌላ ጉዳይ በአጠገቤ ሲያልፉ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ከማሽኑ ራስ አስጠጉና «ርገጪ» አሉኝ። ረገጥኩ። «ቀስ አርጊ፣ አሁን ፍጠኚ፣ ደግሞ ቀስ አርጊ።» የሚያዳምጡት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ከዚያ ቀና አሉና «ጆሮሽ ልክ ነው» አሉኝ። ከታች ያለው መንጠቆ ከመርፌው ጋር ጊዜውን ስቶ ነበር፤ አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ክር መዝለል፣ መርፌ መስበር ይጀምር ነበር። አስተካከሉት። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ በአጠገቤ ሲያልፉ «ዛሬስ ምን ትላለች?» ይሉኛል። ማሽኗን ማለታቸው ነው። እኔም «ዛሬ ደህና ናት፣ ጋሼ» እላለሁ።

ከእናቴ ጋር የተነጋገርነው ነገር በዚያው ቀረ። ደመወዜ አምስት ሳንቲም አልጨመረም። ሽልማት አላገኘሁም። «ጆሮሽ ልክ ነው» የሚል ሦስት ቃል ነው ያገኘሁት። ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ ሙያ ያቆየችኝ ያቺ ቃል ናት ብል አላጋነንኩም። ልብ በሉ፣ አላሞገሱኝም። «ጎበዝ ነሽ» አላሉኝም። የተናገርኩትን ሰሙ፣ አረጋገጡ፣ መልስ ሰጡ። ሙገሳና መልስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግድግዳ ላይ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ብለን ፎቶ የምንሰቅለው ሙገሳ ነው፤ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ከሁለት መቶ ሰው አንዱን ብቻ ነው የሚደርሰው። መልስ ግን ሁለት መቶውንም ሊደርስ ይችላል።

አሁን ደግሞ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ታሪክ ልንገራችሁ። በየፋብሪካችሁ አለ አይደል? ከእንጨት ወይም ከመስታወት ተሠርቶ፣ ቁልፍ ተደርጎበት፣ ካፌው በር ላይ የተሰቀለ። እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ ወደ አንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት ኃላፊ ሆኜ ስሄድ በመጀመሪያው ሳምንት ሣጥኑን አየሁትና ቁልፉን ጠየቅሁ። ቁልፉን የያዘ ሰው የለም። ከእኔ በፊት የነበረው ኃላፊ ለቋል፤ ከእርሱ በፊት የነበረውም ለቋል። የጥገና ሠራተኛ ጠርቼ ቁልፉን አሰበርኩት። 43 ወረቀት ወጣ። አንዳንዱ ከደብተር የተቀደደ ነው፤ አብዛኛው ከቅርጽ ማውጫ ወረቀት ቁራጭ ላይ የተጻፈ ነው። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አነበብኳቸው። የመጸዳጃ ቤቱ መቀርቀሪያ ተነቅሏል፣ እየያዝን በየተራ እየጠበቅን ነው የምንገባው። ሰርቪሱ መናኸሪያው ጋ የሚያነሳን ሰዓት ጨለማ ነው። ከደመወዜ የተቆረጠው 60 ብር ምንድን ነው? ከእነዚህ መካከል አንዱ ከሁሉም የቆየ ነው፤ ቀኑ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስሟንና የመታወቂያ ቁጥሯን ጽፋለች። እንዲህ ይላል፦ «6ኛ መስመር ከ14ኛው ማሽን በላይ ያለው ማራገቢያ አይዞርም። ከሰዓት በኋላ ላብ ዓይናችን ውስጥ እየገባ ስፌቱ ይጣመምብናል። ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

ስፌቱ ይጣመምብናል! እስቲ ይህን ቃል አስቡት። ሞቀኝ፣ ደከመኝ አላለችም። ስፌቱ ተጣመመ አለች። ተነሳሽነት ያለው ሠራተኛ እንዴት ያለ ነው ብሎ ለሚጠይቃችሁ ሰው ይህን ወረቀት አሳዩት።

ተነሥቼ ወደ 6ኛው መስመር ሄድኩ። ቀና ብዬ አየሁ። ማራገቢያው አይዞርም። ከሁለት ዓመት በኋላም አይዞርም። የልጅቷን ፋይል አወጣሁ። ወረቀቱን ከጻፈች በአምስተኛው ወር ለቃለች። «የለቀቀችበት ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «በግል ምክንያት» ተብሎ ተሞልቷል። የሰው ሀብት ባለሙያዎች፣ ፋይሎቻችሁን ግለጡና እዩ። «በግል ምክንያት» የሚለው ስንት ቦታ አለ? ያ ሁሉ የግል ምክንያት እውነት የግል ነው? ኤሌክትሪሺያኑ መሰላል ይዞ ወጣ። ካፓሲተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ነበረች የተቃጠለችው። ለወጣት። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሃያ ደቂቃ!

በማግሥቱ በሻይ ዕረፍት 43ቱንም ወረቀቶች ይዤ ካፌ ገባሁ። እያንዳንዱን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ለእያንዳንዱ መልስ ሰጠሁ። የመቀርቀሪያው ዛሬ ይሠራል፤ እስከ 9 ሰዓት ካልተሠራ ቢሮዬ መጥታችሁ ጥሩኝ። የሰርቪሱን ሰዓት የሚወስነው ውል የገባው ድርጅት ነው፤ እስከ ዓርብ አነጋግሬ እነግራችኋለሁ። የምሳ አበል ጭማሪው አይቻልም፤ በዚህ ዓመት በጀት አልተያዘም፤ በሚቀጥለው በጀት ላይ አቀርበዋለሁ፣ ቃል ግን አልገባም። ይህን ስል ያጉረመርማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አላጉረመረሙም። አንዲት ሴት ተነሥታ «ቢያንስ አወቅነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገባኝ ነገር፣ «አይቻልም» መልስ ነው። ምክንያቱ ከተነገረ በደንብ የሆነ መልስ ነው። መልስ ያልሆነው «እናየዋለን» ነው። «እናየዋለን» ስንል ማን ነው የሚያየው? መቼ? ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ እኛም ዳገት ስለሌለው እንናገረዋለን። ልጅቷ ግን ትጠብቃለች። አንድ ሳምንት ትጠብቃለች፣ ሁለት ሳምንት ትጠብቃለች፣ ከዚያ መጠበቋን ትተወዋለች። መጠበቋን ስትተው ልቧ ሸፍቷል ማለት ነው። እባካችሁ፣ ከነገ ጀምሮ «እናየዋለን» አትበሉ። «እስከ ረቡዕ እነግርሻለሁ» በሉ፤ ረቡዕም ንገሯት።

ይህን ስናገር ራሴን ነጻ እያደረግሁ አይደለም። ተቆጣጣሪ በነበርኩበት ጊዜ አንዲት ልጅ በሳምንት ሦስት ጊዜ አርፍዳ መጣች። «ሰርቪሱ…» ብላ ስትጀምር «ምክንያት አልፈልግም» ብዬ አቋረጥኳት። ማስጠንቀቂያ ጻፍኩባት። አልተከራከረችም፤ ፈርማ ወሰደች። በወሩ ለቀቀች። በኋላ ነው የሰማሁት፤ የመንገድ ሥራ ተጀምሮ አውቶቡሱ የማንሻ ቦታውን ቀይሮ ኖሯል፤ እርሷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ በእግሯ እየመጣች ነበር የምታረፍደው። በቦታዋ የመጣችው ልጅ እንደ እርሷ ኪስ መለጠፍ እስክትችል ሁለት ወር ፈጀባት። ይህን ሁሉ ኪሳራ ያመጣሁት አንድ ዓረፍተ ነገር እስክትጨርስ ባለመታገሤ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እዚህ ሐዋሳ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከሲዳማ ገጠር የሚመጡ ልጆቻችን ብዙዎቹ አማርኛ ገና እየለመዱ ነው። የውጭ አገር ኃላፊ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ አስተርጓሚው በአማርኛ ያስተላልፋል፣ ልጅቷ በሲዳምኛ ታስባለች። «ገባሽ?» ስትሏት «እሺ» ትላለች። ያቺ «እሺ» ገብቶኛል ማለት አይደለችም፤ አትቆጡኝ ማለት ናት። መልስ መስጠት የሚጀምረው ጥያቄው የሚነገርበትን ቋንቋ ከማወቅ ነው። በየመስመሩ ቋንቋውን የምትናገር አንዲት ልምድ ያላት ሠራተኛ ከጎኗ ብታስቀምጡ፣ እናንተም ጥቂት ጥቂት ብትማሩ፣ ልዩነቱን በሳምንት ውስጥ ታዩታላችሁ።

ካይዘንን፣ ሥራን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የማሻሻሉን የጃፓን አሠራር፣ ታውቁታላችሁ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ በየፋብሪካው ተምረነዋል። ወለሉን ቢጫ ቀለም ቀባን፣ ዕቃውን በየቦታው አስቀመጥን፣ የሥራ ቦታ አያያዝ መርሆዎቹን፣ አምስቱን «ማ»ዎች፣ ግድግዳ ላይ ሰቀልን። ጥሩ ነው፤ ንጹሕ ቦታ ማን ይጠላል? ነገር ግን ይህ አሠራር ባደገበት በቶዮታ ፋብሪካ ሠራተኛው ከራሱ በላይ የተዘረጋ ገመድ አለው። ስህተት ሲያይ ይስበዋል። ሲስበው የቡድን መሪው ወደ እርሱ ይመጣል፤ ችግሩ በቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ሠራተኛው ወደ አለቃው ቢሮ አይሄድም፤ አለቃው ወደ ሠራተኛው ይመጣል! እኛ ቀለሙን ወስደን ገመዱን ትተነዋል። እዚያ መስመር የሚያቆም ሠራተኛ ሥራውን በትክክል ሠራ ይባላል፤ እኛ ዘንድ መስመር ያስቆመች ልጅ ምን እንደሚደርስባት ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው፣ ነገ። ይህን አጭር አደርገዋለሁ።

ሰው ዛሬን የሚችለው ነገ ሲታየው ነው። «ወደፊት ታድጊያለሽ» የሚል ቃል ብቻውን ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። በወረቀት አሳዩአት። አንድ ሰሌዳ አዘጋጁ፤ በግራ በኩል የሠራተኞቹን ስም፣ ከላይ ሥራዎቹን ጻፉ፦ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኪስ፣ ዚፕ፣ የመጨረሻ ጥራት ምርመራ። ያወቀችውን ሥራ ምልክት አድርጉላት። አራት ሥራ ያወቀች ምን ያህል ይጨመርላታል? ስድስት ያወቀች ረዳት ተቆጣጣሪ ለመሆን ትወዳደራለች? ሕጉን ጻፉ፤ ከጻፋችሁ ደግሞ ጠብቁት። አንድ ጊዜ በዝምድና የተሰጠ ዕድገት የዓመት ሥልጠናችሁን በአንድ ቀን ገደል ይከተዋል።

መልቀቅ የምትፈልገውንም በክብር ሸኟት። አዋጁ የሥራ ልምድ ማስረጃ በነጻ ይሰጥ ይላል፤ እኛ ግን ክሊራንስ እያልን ወር ሙሉ የምናመላልስ አለን። የቀሩት ሠራተኞች እንዴት እንደሸኘናት ያያሉ። ነገ እነርሱ ላይ የሚደርሰውን ያዩበታል።

ክፉ ዘመንም ሲመጣ እውነቱን ንገሩ። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስታስወጣ ትእዛዞች ሲቀነሱ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ጊዜ አንድ ሥራ አስኪያጅ ካፌ ውስጥ ወንበር ላይ ቆመው «በእጃችን ያለው ትእዛዝ የሦስት ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ስናውቅ በዚህች ወንበር ላይ ቆሜ እነግራችኋለሁ» ሲሉ ነበርኩ። በየሳምንቱ ሰኞ ወንበሯ ላይ ይወጡ ነበር። አዲስ ነገር የሌለ ዕለትም ወጥተው «አዲስ ነገር የለም» ይላሉ። በእነዚያ ሦስት ወራት ከዚያ ፋብሪካ የለቀቀው ሰው ከሌላው ጊዜ ያነሰ ነበር። የሚፈራ ሰው ይሄዳል ብለን እናስባለን፤ የማያውቅ ሰው ነው የሚሄደው።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ መሰለኝ፤ ሰብሳቢው እያዩኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

ባለፈው ዓመት የልጄን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለማሳጠር እዚሁ ሐዋሳ ገበያ አጠገብ ወዳለች አንዲት ልብስ ሰፊ ሄድኩ። በረንዳ ላይ የራሷን ማሽን ዘርግታ ትሠራለች። እጇን ሳይ የፋብሪካ እጅ መሆኑን አወቅሁ፤ ጨርቁን የምትገፋበት መንገድ ያስታውቃል። የት ነበር የምትሠሪው ብዬ ጠየቅኋት። የፋብሪካውን ስም ነገረችኝ፤ «6ኛ መስመር» አለች። ልቤ ደነገጠ። «14ኛው ማሽን ላይ?» አልኳት። «እንዴት አወቁ?» አለችኝ። ወረቀቱን አነበብኩት አልኳት።

ዝም አለች። እግሯን ከማሽኑ መርገጫ ላይ አላነሣችም። ከዚያ ቀስ ብላ «ማራገቢያው ተሠራ?» አለች። ተሠራ አልኳት። «አሁን ማን ተቀመጠችበት?» አለችኝ። የልጅቷን ስም ነገርኳት። «እርሷን አውቃታለሁ። ግራ ዓይኗ ቶሎ ይደክማል። መብራቱን በግራ በኩል አድርጉላት» ብላ የልጄን ቀሚስ ማጠፍ ቀጠለች።

በማግሥቱ መብራቱን በግራ በኩል አስደረግሁላት።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ መልስ የሌለኝን ስልካችሁን ወስጄ እስከ ዓርብ እመልስላችኋለሁ።